ባለ ጭራው ቲማቲም

ለገና ባሕር ዳር ገብቼ ነበር። ከአብሮ አደጎቼ ጋር ጣና ዳር ተቀምጠናል። ጾም ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ግን የተጠበሰ ቆሮሶ አለ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ልጅ ሆነንም ነበር፣ ዛሬም አልተቋጨም። አንዱ የዓሣውን ጀርባ በጣቱ እየፈለቀቀ ጠየቀኝ።

"እውነት እዚያ አሜሪካ ቲማቲሙን ከዓሣ ጋር ያዳቅሉታል?"

"ኧረ ባክህ" ልል አፌን ስከፍት ሌላው ስልኩን አውጥቶ ፎቶዬን አሳያቸው። በሳቅ ሞቱ።

ፎቶው የ2013 ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፣ ለምዶብኝ ነው፣ ይቅርታ)። የምኖረው ሲያትል ነው። ያን ዓመት በዋሽንግተን ግዛት አንድ ጉዳይ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ነበር፤ ምግቡ ልውጠ ሕያው ከሆነ፣ ማለትም ዘረ መሉ በላቦራቶሪ የተለወጠ (ጂኤምኦ) ከሆነ፣ ማሸጊያው ላይ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ? አብራኝ የምትሠራ ሴትዮ "ቅዳሜ ሰልፍ አለን፣ ምሳም አለ" አለችኝ። እኔ የሰማሁት ምሳ የምትለዋን ነው።

ስደርስ ልብስ ሰጡኝ። ከስፖንጅ የተሠራ ክብ ቀይ ቲማቲም፣ ከኋላው የዓሣ ጭራ ያለው። እጄ በጎንና በጎን በተበሱ ቀዳዳዎች ይወጣል። አፍንጫዬን ቢበላኝ ማከክ አልችልም።

ጭራው ዝም ብሎ አልመጣም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ቲማቲም ውርጭ እንዲችል ብሎ ከቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ የተወሰደ ዘረ መል ሞክሮበት ነበር። ሙከራ ሆኖ ቀረ፤ አንድም ቀን ገበያ አልወጣም። ስለዚህ እኔ የለበስኩት የሌለ ቲማቲም ነው። ሱቁን የሞላው ልውጥ በቆሎና አኩሪ አተር ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ዛሬ ከሚዘራው በቆሎና አኩሪ አተር ከመቶ ከ90 በላይ ልውጥ ነው። ግን በቆሎን ማን ፎቶ ያነሳዋል? ጭራ የለው።

በጣም የገረመኝ ሰልፉ ራሱ ነበር። እኛ ዘንድ ሰልፍ ሲባል ዘይት መጣ ማለት ነው። እነሱ ደግሞ የሚሰለፉት ዘይቱ ላይ ምን ይጻፍ ብለው ነው። በሆዴ ጥጋብ ነው አልኩ። ኋላ ሳስበው ግን የምበላውን ልወቅ ማለት ምኑ ነው ጥጋብ? እናቴ ጤፍ ስትገዛ የየት አገር እንደሆነ፣ ከማን ማሳ እንደመጣ ሳትጠይቅ ብር አትፈታም።

ዋናው ውርደቴ ከምሳ በኋላ መጣ። ፀጉራቸው የሸበተ አንዲት አሜሪካዊት ቀርበው ከየት ነህ አሉኝ። ኢትዮጵያ።

"የተወልደ ሀገር!"

"የትኛው ተወልደ?" አልኩ። የማውቀው ተወልደ ሰፈራችን ሱቅ የነበረው ነው።

ሴትዮዋ የቀለድኩ መሰላቸው። እንዳልቀለድኩ ሲያዩ፣ የተጣመመ ጭራዬን እያቃኑ አስረዱኝ። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር። ልውጠ ሕያዋን ከአገር አገር ሲዘዋወሩ በሚገዛው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በካርታኼና ፕሮቶኮል፣ ድርድር የአፍሪካን ቡድን የመሩት። በ2000 ሞንትሪያል ላይ ስምምነቱ ሲጸድቅ አንድ አገር ልውጥ ዘር አላስገባም ማለት እንዲችል የተሟገቱት። በዚያው ዓመት "አማራጭ ኖቤል" የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተሸለሙት። የማንቼስተርን ተጠባባቂዎች ሳይቀር በስም የምጠራ ሰው፣ እሳቸውን ከፈረንጅ ሰማሁ፤ ያውም ዓሣ ሆኜ። "አዎ፣ አዎ፣ ተወልደ!" ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። እንዳላመኑኝ ከዓይናቸው ገባኝ። ስፖንጁ ውስጥ ያላበኝ ላብ ፀሐዩ ብቻ ያመጣው አልነበረም። በ2023 ዶክተሩ አረፉ ሲባል መጀመሪያ ትዝ ያለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያ ጭራ ነው።

ተሸነፍን። 51 ለ49 ገደማ። ይጻፍ የሚለውን የተቃወሙት፣ ትልልቅ የዘርና የምግብ ኩባንያዎች ያሉበት ወገን፣ 22 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አፍስሰው ነበር። እኔ ያኔ ዜግነት ስላልነበረኝ መምረጥም አልችልም። ለማልመርጥበት ምርጫ ነው ስፖንጅ ውስጥ የተቀቀልኩት።

ይህን ስተርክ ግብርና ላይ የሚሠራው ጓደኛችን አጥንቱን አስቀመጠ።

"ልውጥ ዘርን የሚቆጣጠረው የእኛ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ በ2009 ሲወጣ ጥብቅ ነበር። በ2015 ላላ። በ2018 ልውጥ ጥጥ ተፈቀደ። አንተ እዚያ ጭራ ለብሰህ ስትጮህ፣ እዚህ ሲላላ ማን ጮኸ?"

ማንም አልመለሰለትም። አንዱ በጎን "ማንም ዘሩን ሳይነካው ሐይቁን የወረሰው እምቦጭስ?" አለና እንደገና ሳቅን።

አሜሪካ ልትመጡ የምታስቡ ስሙኝ። ቅዳሜ ምሳ አለ ሲሏችሁ መጀመሪያ ምን እንደምትለብሱ ጠይቁ። ከአገራችሁም ሁለት ሦስት ትልልቅ ሰዎች በስም አውቃችሁ ውጡ፤ ፈረንጅ ሲነግራችሁ ያማል። ይህንኑ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ብናገር አንዱ ምን አለኝ?

"ጭራም ይሁን ክንፍ እለብሳለሁ፣ አንተ ብቻ ቪዛውን አምጣልኝ።"

ማታ ቤት ስገባ እናቴ ያመጣሁላትን ብስኩት እያገላበጠች ጠበቀችኝ።

"ይሄ ክቡ ነገር ምንድን ነው ልጄ? ፀሐይና ማሳ ያለበት?"

ተቀብዬ አየሁት። ለካ እሱ ነው። ምግቡ ልውጥ መሆኑን መግለጽ ከ2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ ግዴታ ነው፤ ይህ ምልክት አንዱ መግለጫ ነው። ጭራ የለበስኩለት ጽሑፍ። ሦስት እሽግ ገዝቼ፣ ሻንጣ ውስጥ ከትቼ፣ ውቅያኖስ አሻግሬ ሳመጣው አንዱንም አላነበብኩም።

"ልውጥ ነው ይላል እማዬ።"

"ከምን ተለውጦ?"

"በቆሎው ነው... ዘሩን ነካክተውት።"

"ወተት፣ ቅቤ አለበት?"

ደቃቁን ጽሑፍ በስልኬ መብራት አነበብኩላት። የለበትም።

"በል እንግዲህ፣ ይጾማል" አለችና ቀደደችው።