ስሌት፣ ስልክና ክር

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ ዓይነ ስውር ተማሪ አለችኝ። ጠዋት ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ ስለዚህ መጀመሪያ እጇን ታሻሻለች። ከዚያ ስሌቷን (ወረቀት የሚይዘውን መጻፊያ) እና ስታይለሷን (ነጥብ መውጊያዋን) አውጥታ ቷ ቷ ቷ! በጣት እየተዳሰሰ የሚነበበው የብሬል ፊደል በ6 ነጥቦች ነው የሚሠራው። በስሌት ሲጻፍ ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋል፤ ወረቀቱ ተገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። እኔ ብሆን ድብልቅልቅ ይልብኝ ነበር።

ስልኳ ላይ ቶክባክ የሚባል በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም አለ፤ ስክሪኑን ስትነካ ያነብላታል። የእጅ ጽሑፌን ፎቶ ብልክላት ግን ዋጋ የለውም፤ ማስታወሻውን ታይፕ አድርጌ ነው የምልከው። ሰሌዳ ላይም «ይህን በዚህ አካፍሉት» አይሠራም፤ ቁጥሩን እየጠራሁ እጽፋለሁ። የኋላ ወንበሮቹም ወደዱት መሰለኝ፣ ጫጫታቸው ቀንሷል።

ሦስት ማዕዘን ሲመጣ ግን ስልኩም አያድነን። ካርቶን ላይ ክር በኮላ ለጥፌ አስዳስሳታለሁ።