የሳሙና ውሃ ስሌት የሚሠራው እስከ ምን ድረስ ነው?

ኮምፒውተር የሚለፋበትን ስሌት የሳሙና ውሃ በአንድ ሰከንድ ይፈታዋል ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ጥያቄው የስቴይነር ዛፍ ይባላል፦ የተሰጡ ነጥቦችን ሁሉ የሚያገናኝ፣ ጠቅላላ ርዝመቱ ከሁሉም ያጠረ መረብ መፈለግ ነው። በመሃል አዲስ መገናኛ መጨመር ይፈቀዳል። አባባሉን ጠረጴዛ ላይ መፈተን ቀላል ስለሆነ እንፈትነው።

20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆኑ፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት የፕሌክሲግላስ (መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ) ቁራጮች ያዙ። ደራርባችሁ በአንድ ላይ ብሷቸው፤ ለየብቻ ከተበሱ ነጥቦቹን የሚወክሉት ዘንጎች ያዘነብላሉ፣ ያን ጊዜ በዘንጎቹ መካከል የሚዘረጋው የሳሙና ሽፋን ስፋት የመስመሩን ርዝመት መወከሉን ያቆማል። ቀዳዳዎቹ 12 በ9 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ጫፎች ላይ ይሁኑ። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 26 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው አራት ልሙጥ የብረት ዘንጎች አስገብታችሁ አጣብቁ፤ በፕሌክሲግላሶቹ መካከል 2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይቀራል። ብሎን አይሆንም፣ ሽፋኑ ጥርሱ ላይ ይያዛል።

ለፈሳሹ 1 ሊትር ውሃ፣ 50 ሚሊ ሊትር ላርጎና 20 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን ይበቃል። ግሊሰሪኑ ትነቱን ያዘገየዋል። የቧንቧው ውሃ ጨዋማ ከሆነ ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ተጠቀሙ (አሲዱን አላልኩም!)። ስታማስሉ አረፋ አታስነሱ። አረፋ በዘንጎቹ መካከል ከታሰረ በውስጡ ያለው አየር ግድግዳውን ያጎብጠዋል፣ የምታዩትም ዛፍ መሆኑ ይቀራል።

ነክራችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ሦስት ሦስት ሽፋኖች በ120 ዲግሪ የሚገናኙባቸው ሁለት መጋጠሚያዎች ይታያሉ፤ ቤልጅየማዊው ጆሴፍ ፕላቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመዘገበው ሕግ ነው። የመሃሉ መስመር በረጅሙ ጎን አቅጣጫ ከተጋደመ ጠቅላላው ርዝመት 12 + 9√3፣ ማለትም 27.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ትክክለኛው መልስ ይህ ነው። በማስመሪያ ስትለኩ ግን ሽፋኑ የሚያልቀው ዘንጉ ቆዳ ላይ እንጂ መሃሉ ላይ ስላልሆነ፣ ለእያንዳንዱ ዘንግ 1.5 ሚሊ ሜትር ጨምሩ።

አሁን ደግሞ መሣሪያውን በሌላ ጎኑ አዘንብላችሁ አውጡት። አንዳንዴ የመሃሉ መስመር በአጭሩ ጎን አቅጣጫ ይቆማል፣ ርዝመቱም 9 + 12√3፣ ወደ 29.8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 2 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ግን ንቅንቅ አይልም። ኩሬ ውስጥ የተኛ ውሃ ከጎኑ ጠለቅ ያለ ገደል እንዳለ እንደማያውቅ ሁሉ ሽፋኑም ካለበት ዙሪያ አሻግሮ አያይም። በስትሮው ቀስ ብላችሁ ስትነፉበት ይገለበጣል። የትኛው የተሻለ እንደሆነ የነገረን ግን የእኛ ቀመር እንጂ ሳሙናው አይደለም።

በአራት ዘንግ ይህ ጨዋታ ነው። ሁሉም ነጥቦች ጫፍ የሚሆኑባቸው የዛፍ አወቃቀሮች ለ4 ነጥብ 3 ናቸው፤ ለ10 ነጥብ 2,027,025 ይደርሳሉ። ብዙዎቹ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ሊሠሩ አይችሉም፤ የሚሠሩትም ቢሆኑ ነክሮ በማውጣት የሚዘለቁ አይደሉም። ተመራማሪዎቹ ጋሪ፣ ግራሃምና ጆንሰን ጥያቄው ኤንፒ ከባድ (ለሁሉም ጉዳይ ፈጣን መፍቻ ካልተገኘላቸው ጥያቄዎች የማያንስ) መሆኑን በ1977 አረጋግጠዋል። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦችን በትክክል የሚፈታው ተራ ሶፍትዌር ነው፤ ሳሙናው በአሥሩ ይደናገራል።

የልኬት ጥራትም ሌላ ግድግዳ ነው። ሁለት ዛፎች በርዝመት ሲቀራረቡ መለየት የሚቻለው በልኬት ብቻ ነው። 10 ሴንቲ ሜትርን በ20 ቢት ጥራት፣ ማለትም ከአንድ ሚሊዮን በላይ እኩል ክፍሎች ከፍሎ ለመለካት ከ0.1 ማይክሮ ሜትር ያነሰ ስህተት ይፈለጋል፤ ያ ከሚታይ ብርሃን የሞገድ ርዝመት ያንሳል። አንድ ቢት በጨመራችሁ ቁጥር የሚፈቀደው ስህተት በግማሽ ይቀንሳል። በዲጂታል ግን አንድ ቢት ማለት አንድ ተጨማሪ ሽቦ ነው።

በጊዜ ፋንታ ቁስ የሚከፍሉም አሉ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሊዮናርድ አድልማን በ1994 የ7 ነጥብ የመንገድ ጥያቄ (እያንዳንዱን ነጥብ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያልፍ መንገድ መፈለግ) በዲኤንኤ ፈታ፤ ሞለኪውሎቹ ሁሉንም መንገድ ባንድ ጊዜ ይሞክራሉ፣ የላቦራቶሪው ሥራ ግን ሰባት ቀን ያህል ወሰደ። ሌላው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ዩሪስ ሃርትማኒስ በ1995 ዘዴው ወደ 200 ነጥብ ቢያድግ ምን እንደሚያስፈልግ አሰላ፦ የሚፈለገው ዲኤንኤ ከምድር ይከብዳል።