ካፒቴኑን ማረም፦ ከአዘዞ ተነሥቼ አብራሪ የሆንኩበት መንገድ

ለበዓል ጎንደር በገባሁ ቁጥር የእናቴ ቤት በሰፈሩ ወጣቶች ይሞላል። ጥያቄያቸውን በቃሌ አውቀዋለሁ፦ ሒሳብ ምን ያህል ያስፈልጋል? መነጽር የሚያደርግ ሰው ይቀበላሉ? ደመወዙ ስንት ነው? አንዳንዱ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አያስፈራም?» ይለኛል። ሁሉንም እንደ አቅሜ እመልሳለሁ። ከሁሉ የበለጠ የፈተነኝን ነገር ግን እስካሁን የጠየቀኝ የለም፤ በዕድሜም በልምድም የሚበልጥህን፣ ከልብህ የምታከብረውን ሰው፣ በሥራ መካከል ቀና ብለህ «ልክ አይደለም» ልትለው ትችላለህ?

ያደግሁት አዘዞ፣ ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ ነው። ሲወራ አብራሪ ሁሉ ሰማይ ሰማይ እያየ ያደገ ይመስላል። ለእኔ አውሮፕላን ከብት የሚያስደነብር ጩኸት ነበር። በመካኒካል ምህንድስና ተመርቄ ሥራ ስፈልግ የሠልጣኝ አብራሪዎችን ማስታወቂያ ያየችው ታላቅ እህቴ ናት፤ ማስረጃዎቼን አስገልብጣ፣ በፖስታ አሽጋ «ሂድ» ያለችኝም እሷው። ፍቅሩ የያዘኝ ዘግይቶ፣ ክንፍና ሞተር እንዴት እንደሚሠሩ ሲገባኝ ነው። ስለዚህ «ከልጅነቴ ስላልተመኘሁት ይከብደኝ ይሆን?» ለሚለኝ ወጣት መልሴ አጭር ነው፤ አይከብድህም።

ሒሳብን በሚመለከት፣ የጽሑፍ ፈተናው ከሁለተኛ ደረጃ ሒሳብና ፊዚክስ ብዙም አይርቅም፤ የሚያስቸግረው የሰዓቱ ማጠር ነው። ያለ ካልኩሌተር ማሰብን ልመዱ። ሥራው ላይም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ለምሳሌ መውረድ የምንጀምርበትን ቦታ ለመገመት የምንወርደውን ከፍታ በሺህ ጫማ ቆጥረን በ3 እናባዛለን፤ 10000 ጫማ መውረድ ካለብን 30 የባሕር ማይል ያህል ሲቀረን እንጀምራለን። ኮምፒውተሩ የራሱን ስሌት ያወጣል፤ የአብራሪው ድርሻ ያ ስሌት አእምሮ የሚቀበለው መሆኑን ማየት ነው።

ዓይን ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ተስፋ የሚቆርጥበት ነገር ነው። ዓለም አቀፉ ደረጃ ለንግድ በረራ አብራሪ የሚጠይቀው እያንዳንዱ ዓይን ቢያንስ 6/9 (ጤነኛ ዓይን ከ9 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር ማየት)፣ ሁለቱ አንድ ላይ 6/6 እንዲያዩ ነው፤ በመነጽርም ቢሆን። መነጽር የሚያደርግ አብራሪ መለዋወጫ መነጽር ይዞ ይበርራል፣ በቃ። ቀጣሪው ከዚህ የጠበቀ መስፈርት ሊያወጣ ስለሚችል ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ቀለም መለየት አለመቻል ግን በመነጽር አይስተካከልም። ገንዘብና ጊዜ ከማባከናችሁ በፊት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዓይን ክፍል ሄዳችሁ ተመርመሩ። እንግሊዝኛም በ6 ደረጃ ተከፍሎ ይመዘናል፤ ዓለም አቀፍ በረራ ላይ ለመሥራት ቢያንስ 4ኛው ደረጃ ላይ መድረስ ያስፈልጋል። እዚያ የሚፈለገው አነጋገር ማሳመር ሳይሆን በሚያንገራግር ሬዲዮ የተሰጠህን ትእዛዝ በትክክል ሰምቶ መልሶ ማስተጋባት ነው።

የመሬት ላይ ትምህርቱ ሲጀመር ያስገረመኝ የገዛ አገሬን ሜዳ እንደ አዲስ ማወቄ ነው። የአዘዞ መንደርደሪያ ከባሕር ወለል በላይ 6500 ጫማ ግድም፣ ማለትም ወደ 2000 ሜትር ላይ ይገኛል። አውሮፕላን ሲሠራ መለኪያ የሚሆነው አየር በባሕር ወለል 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ በየ1000 ጫማው 2 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በዚህ መለኪያ አዘዞ ላይ 2 ዲግሪ መሆን ነበረበት። የመጋቢትን ከሰዓት የምታውቁ ትስቃላችሁ። ሙቀቱ 28 ዲግሪ ሲደርስ ትርፉ 26 ዲግሪ ነው፤ ለእያንዳንዱ ትርፍ ዲግሪ 120 ጫማ ስንጨምርበት አውሮፕላኑ 9600 ጫማ ላይ የቆመ ያህል አየሩ ይሳሳበታል። የሳሳ አየር ሞተሩን ያደክመዋል፣ ክንፉም ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፣ መንደርደሪያውም ያጥራል። ያን ቀን ጭነት ይቀነሳል። «ሻንጣዬ ለምን በሚቀጥለው በረራ መጣ?» ብላችሁ የተቆጣችሁ ካላችሁ፣ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ሻንጣው የአጎትህ ቢሆንም ስሌቱ አይለወጥም። ለአጎትህ ይህን መንገር ግን ከስሌቱ ይከብዳል፤ እኔን ያስቸገረኝም ከዚህ ወዲያ ያለው ነው።

እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲናገር ልጅ አይገባም። አባቴ ሲሳሳት እንኳ እናቴ የምታርመው እንግዳው ከሄደ በኋላ ነበር። ጎንደር ይህን ጨዋነት ይለዋል፤ እኔም እለዋለሁ። ኮክፒት፣ ማለትም አብራሪዎቹ የሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ ግን ሰው ሊገድል ይችላል። በ1977 እ.ኤ.አ. መጋቢት ወር በቴኔሪፍ ደሴት፣ በጭጋግ፣ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰው አልቋል። እየተንደረደረ የነበረው አውሮፕላን ዋና አብራሪ በኩባንያው አንቱ የተባለ አስተማሪ ነበር። የበረራ መሐንዲሱ ሌላው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው መውጣቱን ጠየቀ፤ ካፒቴኑ በእርግጠኝነት መለሰለት፤ መሐንዲሱም ዝም አለ። ታሪኩን ክፍል ውስጥ ስንማር የውጭ አገር ሠልጣኞች ተገርመው «ለምን አልደገመውም?» ሲሉ፣ ከእኛ ወገን የነበርነው እርስ በርስ ተያየን። ለምን እንዳልደገመው በደንብ ገብቶናል።

ከዚያ አደጋና ከመሰሎቹ በኋላ የዓለም አየር መንገዶች የአብራሪዎችን አብሮ መሥራት ራሱን የቻለ ትምህርት አደረጉት። በሲሙሌተር፣ በረራን መሬት ላይ አስመስሎ በሚያለማምደው መሣሪያ፣ አስተማሪያችን ሆን ብለው የተፈቀደላቸውን ከፍታ አልፈው ይወጡ ነበር፤ ረዳት አብራሪው መናገር አለመናገሩን ለማየት። ተራዬ ሲደርስ ተናገርኩ። ከቃሉ በፊት ላቤ ወጣ እንጂ ተናገርኩ። የሚሠራበት ደንብ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ የምታየውን ነገር በቁጥር ትናገራለህ፤ ካልተስተካከለ ትደግመዋለህ፤ ሁለቴ ተናግረህ መልስ ካጣህ ሰውየው ራሱን ስቷል ብለህ መሪውን ትረከባለህ። «ምናልባት፣ ካፒቴን፣ ቢያዩት…» የሚባል መግቢያ የለውም። ሰላምታችን እስኪያልቅ 500 ጫማ እናልፋለን።

ይህን የማይቻል ባህል መለወጥ አድርጌ እቆጥረው ነበር፤ ያቀለለልኝ የእናቴ ወንድም ነው። አጎቴ አቋቋም የተማሩት እዚሁ ጎንደር፣ በበአታ ነው። ከበረራ በማግስቱ ስሕተታችንን ፊት ለፊት የምንነጋገርበትን ግምገማ ሳወራላቸው ሳቁ። «እኛስ ምን ስናደርግ ኖርን?» አሉኝ። በጉባኤ ቤት ተማሪው በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ያቀርባል፤ ሲስት እዚያው ይታረማል፤ የታረመው ይደግመዋል፤ ማንም ተቀይሞ አይወጣም። ለካ መታረምን የሚያውቅ ባህል ነበረን፤ እኔ ከሳሎን ሕግ ጋር አምታትቼው ኖሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ የበረራ ግምገማን እንደ ጉባኤ ቤት እንጂ እንደ ችሎት አላየውም።

ወደ ጎንደር ስንበርር አንድ ከሰዓት በኋላ ካፒቴኑ እያበረሩ እኔ እከታተል ነበር። ነፋሱ ድንገት ተለዋወጠና ፍጥነታችን ከፍ ዝቅ ይል ጀመር። በብዙ አየር መንገዶች ደንብ፣ አየሩ ጥርት ያለም ቢሆን ከሜዳው በላይ 500 ጫማ ስንደርስ አውሮፕላኑ በፍጥነቱም በአቅጣጫውም የተረጋጋ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ወደ ላይ ተመልሶ እንደገና መሞከር ነው። «ጎ አራውንድ» አልኩ። ካፒቴኑ ቃል ሳይመልሱ ኃይል ጨምረው ወጡ። ዞረን በሰላም አረፍን። በር ላይ ነጠላ ያጣፉ እናት «ምነው ልጆቼ፣ አቃታችሁ እንዴ?» ሲሉን ካፒቴኑ «ጎንደርን ሁለቴ ልናሳይዎ ብለን ነው፣ እማማ» አሏቸው። እኔ ከዚያ ሰው የተማርኩት ከብዙ ሞጁል ይበልጣል። አንድም ጊዜ «ለምን እንዲህ አልክ?» ብለው አልጠየቁኝም።

ይሉኝታ ከኮክፒት ውጭም ይከተላል። ጥምቀት ላይ ጎንደር እንግዳ ስለሚጎርፍ እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምውለው በረራ ላይ ነው፤ አንዳንዴ ግን ቤት እገኛለሁ። «ለአንዲት ጣሳ ጠላ ነው እንዲህ የምትግደረደረው?» ይሉኛል። ከበረራ በፊት ቢያንስ 8 ሰዓት ከመጠጥ መራቅ በሰፊው የሚታወቅ ዝቅተኛ ልክ ነው፤ ብዙ ኩባንያዎች ከዚያም ያስረዝሙታል። የእናቴን ጎረቤት ጣሳ ሳልቀበል መመለስ ከሲሙሌተሩ አይቀልም፤ ግን ልምምዱ አንድ ነው። ጾምንም እንዲሁ። በባዶ ሆድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መብረር ሐሳብን ያዘገያል፣ ዓይንን ያፈዛል። እኔ ጉዳዩን ለንስሐ አባቴ ሳልደብቅ አቀረብኩ፤ በበረራ ቀን በጠዋት የጾም ምግብ እንድበላ ፈቀዱልኝ። እናንተም ተደብቃችሁ ከመብላት ወይም ተደብቃችሁ ከመራብ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ሴት ልጅ ትችላለች ወይ ለሚሉኝ ብዙ አልናገርም። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ዋና አብራሪ ሆናለች። ጥያቄው ያኔ ተመልሷል።

ገንዘቡ ላይ ግን ልቆይ። በራስ ወጪ የግል ትምህርት ቤት መግባት ይቻላል፤ ሆኖም ፈቃድ ማግኘትና ሥራ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቤተሰብ መሬት ሸጦ አስተምሮት፣ ፈቃዱን በመሳቢያ ቆልፎ ሌላ ሥራ የሚሠራ ወጣት አውቃለሁ። ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርት ቤቱን አውሮፕላኖች ሳይሆን ያለፉትን ተመራቂዎች ፈልጉ፤ የት ይሠራሉ? ሥልጠናው እንደተባለው በጊዜው አለቀ? ክፍያው በውጭ ምንዛሬ ከሆነ ምንዛሬው ሲጨምር ልዩነቱን ማን ይሸከማል? ይህን ስትጠይቁ ፊቱን የሚያጠቁር ትምህርት ቤት መልሱን ሰጥቷችኋል።

በአየር መንገድ ወጪ ለሚሠለጥን ሰው ደግሞ ውል አለ፤ ከምረቃ በኋላ ለዓመታት የማገልገል ግዴታ፣ ካልተፈጸመ የሚከፈል ገንዘብ፣ ለዚያም የሚጠራ ዋስ። ፈተናውን ሁሉ አልፎ እዚህ ላይ የሚደናገጥ ብዙ ነው፤ ዘመዱን በጥድፊያ ይዞ ይሄድና ሳያነብ ያስፈርመዋል። ዋስ የሚሆናችሁን ሰው ከአሁኑ አነጋግሩ፤ የውሉን ቅጂ አስቀድማችሁ ስጡት፤ ዕዳው ቢመጣ የሚጠየቀው እሱም ነውና። ለእኔ የፈረሙልኝ እኚያው አጎቴ ናቸው። ወረቀቱን ወስደው አነበቡት፣ በማግስቱም አንድ አንቀጽ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «ይህ አልገባኝም፤ ሳይገባኝ አልፈርምም» አሉኝ። አብረን ወደ ቢሮው ሄደን አስጠየቅን። ሠራተኛዋ በትዕግሥት አስረዳቻቸው፤ ከዚያ ፈረሙ።