በውስን ገንዘብ አስተማማኝ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ለመምረጥ

አዲስ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ለመግዛት የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛው ስም ጥሩ እንደሆነ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ገንዘቡ ውስን ለሆነ ሰው ከእሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ እንዳለ አምናለሁ፤ ይኸውም «ይህ ማሽን አንድ ቀን ሲበላሽ የቱ አካሉ ይበላሻል? ያንንስ ለማሠራት ምን ያህል ያስወጣል?» የሚለው ነው። ውሃ፣ ሙቀት፣ ሳሙናና በደቂቃ ሺህ ዙር የሚሽከረከር ድራም በአንድ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ምንም ሳይሆኑ ዕድሜ ልክ ሊዘልቁ አይችሉም። ስለዚህ እኔ አስተማማኝ የምለው ብልሽቱ ዘግይቶ የሚመጣ፣ ሲመጣም በመጠነኛ ወጪ የሚጠገን ማሽን ነው። ገንዘብ የተረፈው ሰው የተበላሸውን አውጥቶ ሌላ ሊያስገባ ይችላል፤ ለወራት ቆጥቦ የገዛ ቤተሰብ ግን ይህ አማራጭ የለውም። የጥገናው ጉዳይ ከመሸጫ ዋጋው እኩል፣ እንዲያውም ቀድሞ መታየት አለበት የምለውም ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ የማሽኑን ዓይነት መወሰን ይገባል። በዋጋ ዝቅ የሚለው ባለ ሁለት ገንዳው ነው፤ በአንደኛው ገንዳ ይታጠባል፣ በሌላኛው ይጨመቃል፣ ልብሱን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሸጋግረው ደግሞ ሰው ነው። ጉልበት ይጠይቃል፤ አብዛኛውን ጊዜም ውሃ አያሞቅም። ሆኖም ውስጡ ሁለት ሞተሮች፣ በእጅ የሚዞሩ የሰዓት መቆጣጠሪያዎችና ጥቂት ጎማዎች እንጂ ውስብስብ ነገር ስለሌለው የሚበላሽበት ምክንያት ጥቂት ነው፤ የቧንቧ ውሃ ሲቋረጥም በባልዲ እየተሞላ ይሠራል። ሰዎች ይህንን ማሽን ንቀው ሲያልፉት ሳይ ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም ውሃና መብራት በማያስተማምኑበት ቤት ከርካሽ አውቶማቲክ ማሽን የበለጠ ዕድሜ ሊሰጥ የሚችለው እሱ ነው።

ውሃና መብራት የተሟላለት ቤት ከሆነ ምርጫው ከላይ በሚከፈተውና ከፊት በሚከፈተው መካከል ይሆናል። ከላይ የሚከፈተው ልብሱን በውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ የሚያሽ በመሆኑ ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ መሐሉ ላይ ልብሱን የሚያማታ ቋሚ አካል ያለው የቆየ ዓይነት በአንድ እጥበት ከ100 ሊትር በላይ ሊወስድ ይችላል። ከፊት የሚከፈተው ግን ልብሱን ወደ ላይ እያነሳ በጥቂት ውሃ ላይ መልሶ ስለሚጥለው ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 70 ሊትር ይበቃዋል፤ ልብስም ብዙ አይጎዳም። በአንጻሩ የበሩ ጎማ ካልተወለወለ ሻጋታ ይይዛል፤ የድራሙ ክብደት በሙሉ ከኋላ ባለ አንድ ዘንግ ላይ ስለሚንጠለጠልም ዘንጉ የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ የብረት ቀለበት፣ ማለትም ኩሽኔታው፣ ከፍተኛ ጫና ይሸከማል። እኔ ለአብዛኛው ቤተሰብ ከፊት የሚከፈተውን እመርጣለሁ፤ ይህንን የምለው ግን ኩሽኔታው ሊቀየርለት የሚችል ማሽን ከሆነ ብቻ ነው።

ይህ ነጥብ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ልብሱ የሚገባበት ባለ ቀዳዳ ድራም ውሃውን በሚይዝ ሌላ የፕላስቲክ ገንዳ ውስጥ ይቀመጣል። ከድራሙ ጀርባ የሚወጣው ዘንግ የገንዳውን ግድግዳ አልፎ የሚሄደው በሁለት ኩሽኔታዎች ተደግፎ ሲሆን፣ ውሃው ወደ ኩሽኔታዎቹ እንዳይደርስ የሚከላከለው አንድ ክብ ጎማ ነው። ይህ ጎማ በጊዜ ብዛት ሲያልቅ ሳሙና ያለበት ውሃ ሾልኮ ገብቶ ግራሶውን ያጥባል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል፣ ማሽኑም በሚጨምቅበት ጊዜ ሊነሳ እንደተቃረበ አውሮፕላን ማጓራት ይጀምራል። ጎማውና ኩሽኔታዎቹ በራሳቸው ውድ ዕቃዎች አይደሉም፤ ወጪውን የሚወስነው የገንዳው አሠራር ነው። የገንዳው ሁለት ግማሾች በብሎን የተያያዙ ከሆኑ ባለሙያው ፈትቶ፣ ኩሽኔታውን ቀይሮ፣ መልሶ ይገጥመዋል። በፋብሪካ በሙቀት ቀልጠው የተጣበቁ ከሆኑ ግን ገንዳው ሳይቆረጥ ስለማይከፈት ገንዳና ድራሙ አንድ ላይ እንዲቀየሩ ይደረጋል፤ ይህም ወጪ ከአዲስ ማሽን ዋጋ ጋር ሊቀራረብ ይችላል። የተጣበቀውን ገንዳ በመጋዝ ከፍተው በብሎንና በሲሊኮን መልሰው የሚያያይዙ ብርቱ ባለሙያዎች አሉ፤ ሆኖም ሲገዛ በዚያ ተስፋ ማድረግ ተገቢ አይደለም።

የገንዳው አሠራር በማሽኑ ላይ ተጽፎ አይገኝም፤ ሻጩም ላያውቀው ይችላል። አንደኛው መፍትሔ ሙሉውን የሞዴል ቁጥር ይዞ የመለዋወጫ ዝርዝሩን ማየት ነው፤ ኩሽኔታውና ጎማው ለብቻቸው ከተዘረዘሩ ጥሩ ምልክት ነው፣ ገንዳና ድራም በአንድ ቁጥር ተጠቃልለው የሚሸጡ ብቻ ከሆኑ ግን ነገሩ ግልጽ ነው። ሌላውና እኔ አብልጬ የምተማመንበት መንገድ የጥገና ባለሙያ መጠየቅ ነው። ሻጭ የሚያውቀው ማሽኑ ከካርቶኑ ሲወጣ ያለውን መልክ ነው፤ ጠጋኙ ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ውስጡ ምን እንደሚመስል ያውቃል። «የትኛውን በቀላሉ ይፈቱታል? የመለዋወጫ ዕቃ የሚያጡትስ ለየትኛው ነው?» ብሎ በትሕትና የጠየቀ ገዢ ከማንኛውም ማስታወቂያ የማያገኘውን መልስ ያገኛል።

በማስታወቂያ ላይ ጎልቶ የሚታየው ለሞተሩ የሚሰጠው የ10 ዓመት ዋስትና ነው። ይህንን ዋስትና አልንቀውም፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው የሞተሩን ዕቃ ብቻ እንጂ የእጅ ዋጋውን፣ የውሃ ማስወገጃ ፓምፑን፣ የበሩን መቆለፊያ ወይም ማሽኑን የሚቆጣጠረውን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ አይደለም፤ ቶሎ የሚበላሹት ደግሞ እነዚህ ናቸው። ካርቦን (ኤሌክትሪኩን ወደሚሽከረከረው ክፍል የሚያደርስ፣ እየተፋቀ የሚያልቅ ቁራጭ) ያለውና በቺንጋ የሚዞረው ሞተር ድምፅ ቢኖረውም ካርቦኑ ሲያልቅ በትንሽ ገንዘብ ይተካል። ኢንቨርተር የሚባለው ሞተር ካርቦን ስለሌለው ዝም ያለና ዕድሜው የረዘመ ነው፤ ሆኖም የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሮኒክ ክፍል ከተቃጠለ የሞተሩ ጤንነት ብቻውን አይጠቅምም። የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ኢንቨርተሩን እወስዳለሁ፤ ልዩነቱ ከፍ ያለ ከሆነ ግን ገንዘቡን ሌላ ቦታ ማዋል ይሻላል።

ከኩሽኔታው ቀጥሎ ኪስ የሚያራቁተው ቦርዱ ነው። የመብራት ኃይል ከፍና ዝቅ ሲል፣ በተለይም ጠፍቶ በድንገት ሲመለስ ቦርዱ ሊቃጠል ይችላል። ስለሆነም ማሽኑን ከመግዛት በፊት ቦርዱ ለብቻው እንደሚገኝና ዋጋው ስንት እንደሆነ ማጣራት፣ ከበጀቱም ላይ ከመብራት መዋዠቅ ለሚከላከል ስታቢላይዘር የሚሆን ገንዘብ መቀነስ ብልህነት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል፦ ከፊት የሚከፈት ማሽን ውሃ በሚያሞቅበት ጊዜ ወደ 2,000 ዋት ገደማ ስለሚስብ ለቴሌቪዥን ወይም ለፍሪጅ የተሠራ አነስተኛ ስታቢላይዘር አይችለውም።

በመጠን ረገድ በማሽኑ ላይ የሚጻፈው ኪሎ የደረቅ የጥጥ ልብስ ክብደት ሲሆን፣ የሚሠራውም ለጥጥ በተዘጋጀው ፕሮግራም ነው፤ ለሰው ሠራሽ ጨርቆች የሚፈቀደው መጠን ብዙ ጊዜ ግማሹ ወይም ከዚያ በታች ነው። አራት ሰው ላለበት ቤት 7 ወይም 8 ኪሎ በቂ ነው ብዬ አምናለሁ። የመጭመቂያ ፍጥነቱን በተመለከተ በደቂቃ ከ1,000 እስከ 1,200 ዙር በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ፍጥነት ልብሱን በጥቂቱ ቢያደርቅም ኩሽኔታውንና ሞላዎቹን ይበልጥ ያደክማል፣ ዋጋውንም ይጨምራል። ልብሱን ለማስጣት ፀሐይና ነፋስ ላለው ሰው ባለ 1,400 ዙር ማሽን አስፈላጊ አይመስለኝም።

ለአውሮፓ ኅብረት ገበያ የቀረበ ሞዴል ከተገኘ የኤሌክትሪክና የውሃ ፍጆታውን የሚገልጸውን መለያ ወረቀት በጥንቃቄ ማንበብ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ከማርች 2021 ጀምሮ መለያው ከኤ እስከ ጂ ባለው አዲስ ደረጃ ተተክቷል፤ በ100 እጥበት የሚፈጀው ኤሌክትሪክና በአንድ እጥበት የሚፈልገው ውሃም ሰፍሮበታል። ከዚህ የሚበልጠው ጥቅም ግን በዚያው ጊዜ ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ነው፤ አምራቹ የአንድ ሞዴል የመጨረሻ ማሽን ለገበያ ከቀረበ በኋላ ቢያንስ ለ10 ዓመት ዋና ዋና መለዋወጫዎችን የማቅረብ ግዴታ አለበት። ደንቡ ድራሙና ኩሽኔታው ተጠቃልለው እንዲሸጡ ስለሚፈቅድ የተጣበቀውን ገንዳ ችግር አልፈታም፤ ቢሆንም ለፓምፕ፣ ለማሞቂያና ለቦርድ ትልቅ ዋስትና ነው።

ስለ ስሞቹም ጥቂት ልበል፤ ብዙ የማሽን ስሞች በአንድ ባለቤት ሥር የሚገኙ ናቸው። ቦሽና ሲመንስ የአንድ ኩባንያ ምርቶች ናቸው፤ ኤሌክትሮሉክስ፣ አኤጌና ዛኑሲም እንዲሁ። ሜይታግ እ.ኤ.አ. በ2006 የዊርፑል፣ ካንዲ ደግሞ በ2019 የሃየር ንብረት ሆነዋል። ስለዚህ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ርካሹ ስም ከውዱ ጋር ፓምፑን ወይም ሞተሩን ሊጋራ ይችላል፤ ይህ ግን በግምት ሳይሆን በመለዋወጫ ቁጥር መረጋገጥ ያለበት ነው። በዚያው ልክ አንድ ስም በአንድ ሞዴል ስለተመሰገነ ሁሉም ሞዴሉ ያስመሰግናል ማለት አይደለም።

ገንዘቡ ሲያጥር ያለ ጸጸት ሊተዉ የሚችሉ ነገሮች አሉ። በስልክ የሚታዘዝ መሆኑ፣ እንፋሎቱና ከሠላሳ የሚበልጠው የፕሮግራም ብዛት አጣቢውን ከሁለትና ሦስት ፕሮግራም በላይ አያሠራውም። አጥቦ የሚያደርቅ ጥምር ማሽንን ደግሞ በውስን በጀት ፈጽሞ አልመክርም፤ የሚያደርቀው ከሚያጥበው ያነሰ ነው፣ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ሊበላሽ የሚችለውም አካል ይበዛል። ሣጥኑ በጎን በኩል የተጫረ ወይም ሞዴሉ ባለፈው ዓመት የወጣ በመሆኑ ዋጋው የተቀነሰለት ማሽን ግን፣ ዋስትናው ሙሉ እስከሆነ ድረስ፣ ጥሩ ግዢ ነው። ዋስትናውም የእጅ ዋጋን የሚጨምር መሆኑና ጥገናውን የሚሠራው ማን እንደሆነ በደረሰኙ ላይ በጽሑፍ ሊሰፍር ይገባል።

ማሽኑ ቤት ከገባ በኋላ የሚሠራው ሥራም የዕድሜው ወሳኝ አካል ነው። በመጓጓዣ ወቅት ገንዳው እንዳይናወጥ ከኋላ በኩል የታሰሩት ረጃጅም ብሎኖች ሳይፈቱ ማሽኑ ቢጀመር ከባድ ጉዳት ይደርስበታል፤ ብሎኖቹም ቤት ሲቀየር ስለሚያስፈልጉ አይጣሉም። አራቱ እግሮቹ በውሃ ልክ ተስተካክለው መቆም አለባቸው። የማስወገጃ ቱቦው ጫፍ መመሪያው በሚያዘው ከፍታ፣ ብዙ ጊዜም ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ባለው ላይ መሆን ይኖርበታል፤ ዝቅ ካለ ውሃው ሳይታጠብበት ሊፈስ ይችላል። ከፊት ለሚከፈት ማሽን አረፋው አነስተኛ የሆነ ሳሙና ያስፈልጋል፤ የበዛ ሳሙና ድራሙን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘውን ባለ ሦስት ክንድ አሉሚኒየም ቀስ በቀስ ይበላዋል። ከእጥበት በኋላ በሩን ገርበብ አድርጎ መተው ሻጋታውን ይከላከላል። የፓምፑ ማጣሪያና በውሃ ማስገቢያው በኩል ያለው ትንሽ ወንፊት ደግሞ በየጊዜው መጽዳት አለባቸው፤ «ፓምፑ ተቃጥሏል» የተባለለት ማሽን ቁልፍ ወይም ሳንቲም ብቻ ተሰንቅሮበት የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍ ማሽኑን በተለያየ መልኩ መፈተሽ ይገባል። መጀመሪያ ባዶውን በሙቅ ውሃ፣ ከዚያም ሙሉ ልብስ ጭኖ እስከ መጨረሻው የመጭመቂያ ፍጥነት ድረስ ማሠራት፣ በዚያ ጊዜም አጠገቡ ቆሞ ድምፁን ማዳመጥ ያስፈልጋል። ማሽኑ ቆሞ ሳለ የድራሙን አፍ ከላይ በኩል ይዞ ወደ ላይ ማንሳትም ይጠቅማል፤ ገንዳው በሞላ ስለተንጠለጠለ ድራሙና ገንዳው አብረው ቢነቃነቁ ችግር የለውም፤ ድራሙ ለብቻው ከገንዳው ተለይቶ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ደረሰኙን ይዞ ማሽኑን በጊዜ መመለስ ነው።