ሃይማኖቴን አደራ የሰጠሁ ዕለት

ምስክርነት ሲባል ሰው የሚጠብቀው ከደዌ መፈወስን ወይም ከአደጋ መትረፍን ነው። እኔ የምመሰክረው ከፍርሃት ስለመዳኔ ነው። ፍርሃቱ የጅብም የሽፍታም አልነበረም፤ «የያዝኩት ሃይማኖት እውነት ባይሆንስ?» የሚል ነበር። ያልደረሰበት ሰው ሊስቅ ይችላል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን አያስቅም።

ያደግሁት በደብረ ማርቆስ አካባቢ ነው። በልጅነቴ ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ የለመንኩ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ዋሸራ ገብቼ ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ ቅኔ ቆጥሬአለሁ። ኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ዞሬ መምህር ሆንኩ። ስለዚህ በቤታችን የሃይማኖት ነገር ሲነሣ ሁሉም ዞሮ የሚያየው እኔን ነው።

ታናሽ እህቴ ለሥራ ባሕር ዳር ሄዳ ፕሮቴስታንት ሆነች። አባታችን ስሟ በቤታቸው እንዳይነሣ ከለከሉ። እናቴ አልተከራከረችም። አንድ ማታ ግን እጇን ከሊጡ ሳታወጣ፣ ቀና ብላም ሳታየኝ፣ «አንተ የተማርክ ነህ፤ እህትህ ትኮነናለች ወይ?» አለችኝ።

ጥቅስ ቆጥሬ መመለስ አያቅተኝም ነበር። ቸግሮኝ የነበረው ሌላ ነው። እህቴ በያዘችው ላይ ያላት እምነት እኔ በያዝኩት ላይ ካለኝ አያንስም። እኔስ ሐረር ጀጎል ተወልጄ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምሰግደው የት ነበር? ለነገሩ ለጎጃም የሃይማኖት ሙግት እንግዳው አይደለም። በዚያችው በአንዲቷ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በክርስቶስ ባሕርይ ነገር ቅባትና ተዋሕዶ እየተባባሉ አያቶቻችን ስንት ዘመን ተሟግተዋል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው የሃይማኖቱን ክርክር በአዋጅ ለመቁረጥ ሞክረዋል። ሙግት በአዋጅ የሚበርድ ቢሆን ኖሮ የእኔም ጭንቀት በአባቴ ክልከላ በበረደ ነበር።

እንቅልፍ አጣሁ። ክፍል ውስጥ ቾክ ይዤ የምናገረው የሚጠፋብኝ ጊዜ መጣ። ጠበል ግባ ሲሉኝ ሰከላ ሄድኩ፤ ግሽ ዓባይ። ጻድቁ አቡነ ዘርዐ ብሩክ ሊያስሯቸው ሲወስዷቸው መጻሕፍታቸውን ለዚያ ውሃ አደራ ሰጥተው፣ ከዓመታት በኋላ ሲመለሱ ሳይርሱ እንደተቀበሏቸው ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ አድጌአለሁ። ከጠበሉ ወጥቼ፣ እየተንቀጠቀጥኩ፣ እንዲህ ብዬ ጸለይኩ፦ «ጌታ ሆይ፣ እኔም ሃይማኖቴን አደራ ልስጥህ። ካንተ ከሆነ ትመልስልኛለህ። ካንተ ካልሆነም እውነቱን ባለበት አሳየኝ፤ ስታሳየኝ ደግሞ እንዳልሸሽ አድርገኝ።» ደፍሬ የጸለይኩት የመጀመሪያው ጸሎት እሱ ይመስለኛል። የቀረው ሁሉ በቃሌ የያዝኩት ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ቆረጥኩ፦ ማንኛውንም ሃይማኖት ከሚወደው ሰው አፍ እሰማለሁ እንጂ ከሚጠላው አልጠይቅም። ቅኔ ቤት ሳለን የኔታ የባልንጀራውን ቅኔ ወርቁን ሳያገኝ የሚነቅፍ ተማሪ ሲያዩ «ተቀመጥ» ብለው ዝም ያሰኙት ነበር። እኔ ስለ እስልምና የማውቀው በሙሉ ከነቃፊ የተቀዳ ነበር፤ ስለ እህቴ እምነትም እንደዚያው።

ገበያው ዳር ልብስ የሚሰፉ አንድ ሐጂ አሉ። ልጠይቅዎ መጣሁ ስላቸው አልተገረሙም። መቀሱን ወደ ጎን አድርገው እጃቸውን ታጠቡ። ከላይኛው መደርደሪያ በአረንጓዴ ጨርቅ የተጠቀለለውን የአማርኛ ቁርአን አውርደው ሱረቱ መርየምን አወጡልኝ። እመቤታችን ምጥ ይዟት ወደ ዘንባባው ግንድ ተጠግታ፣ ምነው ከዚህ በፊት በሞትኩ የምትልበትን ቦታ ሲያነቡ ድምፃቸው ተሰበረ። ደንበኛ ገብቶ ሱሪ ሊያሳጥር ቢጠይቅ በእጃቸው ቆይ አሉት። ይህን ለእናቴ ስነግራት ብዙ ቆይታ «እመቤቴን ያከብሯታል በለኛ» አለች።

በዚያው ሰሞን ሐጂ አንድ ሐዲስ፣ የነቢያቸውን ቃል፣ ነገሩኝ፦ ከእናንተ ማንም ለራሱ የሚወደውን ለወንድሙ እስኪወድ ድረስ አላመነም። ማታ ቤቴ መጽሐፈ ጦቢትን ስገልጥ፣ አባት ልጁን ሲመክር፣ ለራስህ የምትጠላውን ለማንም አታድርግ የሚለው ምዕራፍ 4 ላይ ወደቅሁ። ሳነብ ሳነብ ከሌሎችም አገኘሁት። ሂለል የተባለው የአይሁድ መምህር፣ በአንድ እግሬ ቆሜ ሳለሁ ኦሪትን ሁሉ አስተምረኝ ላለው ሰው የመለሰው ይህንኑ ነው። ከክርስቶስ ልደት 500 ዓመት ግድም በፊት የነበረው ቻይናዊው ኮንፊሺየስም ዕድሜ ልክ የሚሠራበት አንድ ቃል ቢጠየቅ ይህንኑ አለ።

ሃይማኖት ሁሉ አንድ ነው ልል አይደለም፤ እንዲህ የሚሉ ሰዎች አንዱንም በደንብ ያነበቡ አይመስሉኝም። ቁርአን ኢሳ አልተሰቀለም ይላል፤ እኔ ስቅለቱን ካነሣሁ ከክርስትናዬ የሚቀር ነገር የለም። ቡድሃ ስለ ፈጣሪ ሊያስተምር አልተነሣም። ይህን በማቻቻል ማለፍ ሰነፍነት ነው። እኔን የመታኝ ግን ሌላ ነው። ገና ያልገባኝን እያሰብኩ ሌሊቱን ሙሉ ስሰቃይ፣ ሁሉም የተስማሙበትና ነገ ጠዋት ልሠራው የምችለው ነገር ሳይሠራ ተቀምጦ ነበር። እኔ የምጠላው ምንድን ነው? ከቤቴ ስሜ እንዳይጠራ መደረግ።

በነጋታው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ እንጅባራን፣ ዳንግላን አልፈን ባሕር ዳር ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። እህቴ በሩን ከፍታ ስታየኝ ልረግማት የመጣሁ መስሏት ወደ ኋላ አለች። ቡና አፈላች። አቦሉን ጠጥተን መጽሐፍ ቅዱሷን አመጣችና በቀለም ያሰመረችበትን አሳየችኝ፦ አባቴና እናቴ ትተውኛልና እግዚአብሔር ግን ተቀበለኝ። በእሷ መጽሐፍ መዝሙር 27 ነው፤ በእኛ ዳዊት 26። እሷ በአማርኛ ስታነበው እኔ ሳላስበው በግእዝ ተቀበልኳት። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስደግመው የኖርኩት ቃል በዚያ ምሽት እንደ አዲስ ገባኝ። ግሽ ዓባይ ላይ አደራ ያልኩት የተመለሰልኝ እዚያ ነው፤ ያውም ጠፍታለች ባልናት እህቴ እጅ። በዚያች ሌሊት ወለሉ ላይ ፍራሽ አንጥፋልኝ፣ እስኪነጋ ድረስ ሳልገላበጥ ተኛሁ። ስሙ የተመሰገነ ይሁን፤ ያ ፍርሃት ከዚያ ወዲህ አልተመለሰብኝም።

ለእናቴ የመለስኩላት ከማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ነው። ዮሐንስ፣ ከእኛ ጋር ያልሆነ ሰው በስምህ አጋንንት ሲያወጣ አይተን ከለከልነው ሲል፣ ጌታ አትከልክሉት፣ የማይቃወመን ከእኛ ጋር ነው አለው። እናቴ ነገረ መለኮቱን አልጠየቀችኝም፤ «በል ደውልልኝ» አለች እንጂ። አባቴ ክልከላቸውን በይፋ አላነሡም። ስልኩ ሲጠራ ግን በጎቹን ልይ ብለው ይወጣሉ፤ ሌሊትም ቢሆን።

እኔ ዛሬም አስቀድሳለሁ፣ እጾማለሁ፣ እጠይቃለሁም። ሐጂ በበኩላቸው አንድ ጥያቄ ሰጥተውኛል፦ «ሦስትነትና አንድነት አብረው እንዴት ይሆናሉ? የማያምነውን ሰው አልጠይቅም፤ የምታምኑትን ነው የምጠይቀው።» እኔ ላስረዳቸው ሞክሬ አልተሳካልኝም። ለየኔታ ብነግራቸው «ራሳቸው ይምጡና ይጠይቁኝ» አሉ። የእንቁጣጣሽና የመስቀል ስፌት ጋብ ሲል አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረናል።