ፕሪንተር ፍለጋ ወጥቼ የሰው ምስጢር ይዤ ተመለስኩ

የተሰጠኝ ሥራ ሲነገር ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ከየትኛው ፕሪንተር ጋር እንደተገናኘ የሚለይ አጭር ስክሪፕት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ተራ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች ዝርዝር፣ እጽፋለሁ፣ ውጤቱ ለንብረት ቆጠራ ይውላል። በየጠረጴዛው ሥር እየተንበረከኩ ገመድ ከመከተል እንዲያድነኝ ታስቦ ነው። ከዚያ በኋላ ምን ያህል ጊዜ እንደተንበረከኩ ጉልበቴ ይመስክር።

በዊንዶውስ ላይ ነገሩ አንድ መስመር ነው። ፓወርሼል የሚባለውን የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ከፍቶ «ጌት ፕሪንተር» የሚለውን ትእዛዝ መስጠት ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ ይመጣል። በሒሳብ ክፍሏ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ፕሪንተር አንድ ነው። ኮምፒውተራቸው የቆጠረልኝ ዘጠኝ። ወይዘሮዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ስክሪኑን ተመለከቱ።

«ልጄ፣ እኛ ፋክስ አለን እንዴ?»

«የለንም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ይህ ፋክስ የሚለው ምንድን ነው?»

«ፋክስ ቢኖረን ኖሮ የምንልክበት ነው።»

ዝም ብለው አዩኝ። ቀጥዬ የቀሩትን አስተዋወቅኳቸው። አንዱ ከዊንዶውስ 10 ጋር በ2015 እ.ኤ.አ. የመጣው፣ ሰነድን ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይረው ነው፤ ወረቀት በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። ሌላው ኤክስፒኤስ የሚባል ሰነድ ያወጣል፤ ማን እንደሚፈልገው ግን እስካሁን የነገረኝ የለም። አንዱ የማስታወሻ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። ሁለቱ ደግሞ ከዚያ ቀደም ከሩቅ በሪሞት ዴስክቶፕ ገብቶ የነበረ ባልደረባችን፣ እንደ ሠርግ አጃቢ አስከትሏቸው መጥተው ሳይሰረዙ የቀሩ የራሱ ፕሪንተሮች ናቸው። የቀሩት ሦስቱ አንድ ዓይነት ስም አላቸው፤ አንዱ ራሱ፣ አንዱ «ኮፒ 1»፣ አንዱ «ኮፒ 2»።

«ሦስት መንታ?» አሉ ወይዘሮዋ። «እኔ የማውቀው አንዱን ነው፤ እሱም ወረቀት ይነክሳል።»

የመንታዎቹ ነገር እንዲህ ነው። አንዳንድ የዩኤስቢ ፕሪንተር መለያ ቁጥሩን ለኮምፒውተሩ አይናገርም። ስለዚህ ገመዱን ነቅለው በሌላኛው ቀዳዳ ሲሰኩት ዊንዶውስ አዲስ እንግዳ የመጣ ይመስለውና ሌላ ስም ያወጣለታል። የመጀመሪያው «ዩኤስቢ 001» በሚባለው ፖርት ሲጠብቅ፣ «ኮፒ 1» በ«ዩኤስቢ 002» ሥራ ይጀምራል። አሮጌው ስም አይሰረዝም። ኮምፒውተር ከማን ጋር እንዳለ ሲጠየቅ፣ ከማን ጋር እንደነበረ ነው የሚተርከው።

እንግዲያውስ ሁኔታቸውን ልጠይቅ ብዬ ስክሪፕቱን አሻሻልኩት። ደብሊውኤምአይ የሚባለው የዊንዶውስ መጠየቂያ ለእያንዳንዱ ፕሪንተር የሁኔታ ቁጥር ይሰጣል፤ 3 ከሆነ «ሥራ ፈት፣ ዝግጁ» ማለት ነው። ዘጠኙም 3 አሉ። የሌለው ፋክስ እንኳ ዝግጁ ነው! የእውነተኛውን ፕሪንተር ገመድ ነቅዬ በእጄ ይዤ ደግሜ ጠየቅኩ። 3። ገመዱን ስክሪኑ ፊት አወዛወዝኩለት። 3።

ለነገሩ ይህ የዊንዶውስ ብቻ ጠባይ አይደለም። ሊኑክስ በሚባለው ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ፣ ከፕሪንተር ጋር የሚያነጋግረው የቆየ ፕሮግራም (ድራይቨር)፣ ፕሪንተሩ ችግር እንዳለበት ሲነገረውና ወረቀት አልቋል ወይም ግንኙነት የለም የሚያሰኝ ምልክት ሲያጣ፣ መዝገቡ ላይ «በእሳት ላይ ነው» ብሎ ይጽፋል። ቀልድ አይደለም፤ በፕሮግራሙ ውስጥ የተጻፈ መልእክት ነው። ሊኑክስ ግን አንድ የማመሰግነው ነገር አለው፤ የተመዘገቡትን የሚዘረዝረው ትእዛዝና አሁን በገመድ የሚታዩትን የሚፈልገው ትእዛዝ ለየብቻ ናቸው።

በዊንዶውስም መውጫው ያው ሆነ፤ የፕሪንተር ዝርዝሩን ትቼ፣ አሁን በአካል የተሰኩ ዕቃዎችን ብቻ እንዲያሳየኝ ጠየቅኩ። አንድ ፕሪንተር! ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝ። የቀረኝ ከሦስቱ ስሞች የትኛው የየትኛው ቀዳዳ እንደሆነ ማረጋገጥ ነበር። ጠረጴዛው ሥር ገባሁና ገመዱን ከነበረበት ነቅዬ ከጎኑ ባለው፣ አቧራ በሞላው ቀዳዳ ሰካሁት።

ፕሪንተሩ አጓራ። ከዚያ ማተም ጀመረ።

ያ ቀዳዳ የመጀመሪያው፣ የ«ዩኤስቢ 001» ኖሯል። ገመዱ ሌላ ቦታ በተሰካበት ዘመን ወደ አሮጌው ስም የተላከ ሰነድ ሁሉ ወረፋ ይዞ ተቀምጧል። ወረፋው ዲስክ ላይ ስለሚቀመጥ ኮምፒውተሩ ቢጠፋና ቢበራም አይጠፋም፤ ባለቤቱ ረስቶታል እንጂ እሱ ማንንም አልረሳም። መጀመሪያ የወጣው አንድ ደረሰኝ ነው። ቀጥሎም ያው ደረሰኝ። ቀጥሎም ያው ደረሰኝ፣ እየደጋገመ፤ «አልታተመም» ሲባል ቁልፉን ደጋግሞ የተጫነ ሰው ቁጣ በወረቀት ተመዝግቦ ወጣ።

በዚህ መሐል ሥራ አስኪያጁ ቆጠራው የት እንደደረሰ ሊጠይቁ ገቡ። ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ የሚታየኝ ጫማቸው ብቻ ነው። ጫማው ወደ ፕሪንተሩ ሄደና ቆመ።

«ጉዳዩ፦ ሥራ መልቀቄን ስለማሳወቅ» ሲሉ ሰማሁ፣ ጮክ ብለው።

ማንበባቸውን ማን ይከለክላቸዋል? ደብዳቤው የተጻፈው ለእሳቸው ነው። ጻፊው የደመወዝ መዝገብ የሚይዘው ልጅ ሲሆን፣ ከማዶው ወንበር ላይ ሆኖ ፊቱ ከወረቀቱ ነጥቷል።

«ቀኑ የቆየ ነው» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ያኔ አልታተመልኝም ነበር፣ ጋሼ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ… እግዜር ያስቆመኝ መሰለኝና ተውኩት።»

ደብዳቤው የደመወዝ ጥያቄው በተደጋጋሚ ችላ እንደተባለ በጨዋ ቋንቋ ይዘረዝራል። ሥራ አስኪያጁ እስከ መጨረሻው አነበቡና ልጁን ወደ ቢሮአቸው ጠሩት። በሩ ተዘጋ። እኔ ከጠረጴዛው ሥር ለመውጣት ተስማሚ ጊዜ እየጠበቅኩ ነበር፤ ፕሪንተሩ አሁንም ደረሰኝ ያወጣል።

ደመወዙ ተስተካከለለት። ወሬው በአንድ ቀን ሕንፃውን አዳረሰ፤ ሪፖርቴን ግን እስካሁን ያነበበው የለም። ወይዘሮዋ በማግሥቱ ጠሩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ልጄ፣ ገመዱን ወደ ሌላኛው ቀዳዳ መልስልኝ» አሉኝ። «አንድ ደብዳቤ ልላክበትና፣ ሥራ አስኪያጁ ሲመጡ ያን ጊዜ ትሰካዋለህ።»