የመኪናው ባለቤት ቁልፉንም የማግኘት መብት አለው

መኪና የገዛ ሰው ለገዛ ንብረቱ ተጨማሪ ቁልፍ ለማሠራት የአምራቹን በጎ ፈቃድ መጠበቅ የለበትም ብዬ አምናለሁ። ይህን የምለው የስርቆትን ሥጋት አቃልዬ አይደለም። ነገር ግን ሌባን ለመከላከል የተዘረጋው ሥርዓት ሕጋዊውን ባለቤት በአንድ አምራች ደጃፍ ብቻ እንዲቆምና የተጠየቀውን ዋጋ ያለ አማራጭ እንዲከፍል እያስገደደው ነው።

ቀድሞ ቁልፍ ማለት ጥርስ የወጣለት ብረት ነበር፤ ቁልፍ ቀራጩ ያንኑ ጥርስ በሌላ ብረት ላይ ካወጣ ሥራው አለቀ። በአሁኖቹ መኪኖች ግን ብረቱ በሩን ይከፍት ይሆናል እንጂ ብቻውን ሞተሩን አያስነሳም። በቁልፉ እጀታ ውስጥ የራሱ ባትሪ የማያስፈልገው ትንሽ ቺፕ አለ። ቁልፉ ሲገባ በማስነሻው ዙሪያ የተጠመጠመው ሽቦ ብዙውን ጊዜ በ125 ኪሎኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ሞገድ ይለቃል፤ ቺፑም ከዚያው ሞገድ ኃይል ወስዶ ይነቃል። በብዙ መኪኖች ኮምፒውተሩ በየጊዜው የሚለዋወጥ ቁጥር ይልክለታል፤ ቺፑ ቁጥሩን በውስጡ ባለው ምስጢራዊ ኮድ አስልቶ ይመልሳል፤ መልሱ ትክክል ካልሆነ ሞተሩ እንዳይነሣ ይታገዳል። ኢሞቢላይዘር የሚባለው ይህ ነው። በሩን ከርቀት የሚከፍተው ሪሞት ከዚህ የተለየ ሥራ ያለው ሲሆን ባትሪ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሪሞቱ ዝም ያለበት ሰው አዲስ ቁልፍ ከማዘዙ በፊት ባትሪውን ይቀይር። በአዝራር የሚነሡት አብዛኞቹ መኪኖችም ባትሪው ያለቀበት ቁልፍ የመመሪያው መጽሐፍ ወደሚያሳየው ቦታ ሲጠጋ እንዲነሡ ተደርገው ተሠርተዋል።

ኢሞቢላይዘር በአውሮፓ ኅብረት ከ1998፣ በአውስትራሊያ ከ2001፣ በካናዳ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዳዲስ መኪኖች ላይ በሕግ ግዴታ ሆኗል። ጥቅሙ አያከራክርም። አሜሪካ እንዲህ ያለ ግዴታ ስላልነበራት ኢሞቢላይዘር ሳይገጠምላቸው የተሸጡ በርካታ የሂዩንዳይና የኪያ መኪኖች፣ የአሰራረቁ ዘዴ በማኅበራዊ ሚዲያ ከተሰራጨ በኋላ፣ በብዛት ተሰርቀዋል።

ችግሩ የሚጀምረው አዲሱን ቺፕ ለመኪናው ማስተዋወቅ ሲያስፈልግ ነው። በአንዳንድ ሞዴሎች ሁለት የሚሠሩ ቁልፎች በእጁ ያሉት ባለቤት ሦስተኛውን ራሱ ማስመዝገብ ይችላል። አንድ ብቻ ከቀረው ግን ያ መንገድ ይዘጋበትና መመርመሪያ መሣሪያ፣ የይለፍ ኮድ፣ አንዳንዴም ከአምራቹ ኮምፒውተር ጋር በኢንተርኔት መገናኘት ያስፈልገዋል። ሁሉም ቁልፎች ሲጠፉ ደግሞ ነገሩ ይብስበታል፤ መኪናው ተጎትቶ እንዲሄድ፣ በአንዳንድ ሞዴሎችም የኮምፒውተሩ ክፍል ጭምር እንዲቀየር የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። በዚህ ክፉኛ የሚጎዳው ያገለገለ መኪና ከአንድ ቁልፍ ጋር ብቻ የተረከበ ሰው ነው፤ የሁለተኛው ቁልፍ አለመኖር በግዢው ድርድር ላይ በዋጋ ሊታሰብለት ይገባ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን ጨርሶ አይነሣም።

አምራቾች ለማስመዝገብ የሚያስፈልገውን የይለፍ ኮድና የቺፑን አሠራር የሚደብቁት ለደኅንነት እንደሆነ ይናገራሉ። ይሁንና መደበቅ ብቻውን ጥበቃ እንዳልሆነ በተደጋጋሚ ታይቷል። በ2005 እ.ኤ.አ. የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲና አርኤስኤ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ቁልፎች ውስጥ የነበረውን የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቺፕ ባለ 40 ቢት ምስጢራዊ ኮድ መስበር እንደሚቻል አሳዩ። በ2013 ደግሞ ሜጋሞስ የሚባለው ሌላ የቁልፍ ቺፕም ሊሰበር እንደሚችል የሚያሳይ ጥናት እንዳይታተም የእንግሊዝ ፍርድ ቤት አገደ፤ ጥናቱ የወጣው በ2015 ነው። ቺፑ ግን በእነዚያ ዓመታትም በመኪኖቹ ውስጥ እንዳለ ነበር። በቅርቡም ሌቦች ከፊት መብራት ጀርባ ባለው ሽቦ በኩል የመኪናው ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ወደሚገናኙበት የውስጥ መረብ እየገቡ ያለ ምንም ቁልፍ መስረቅ ጀምረዋል። እንግዲህ ሌባው በሌላ በኩል መንገድ ካገኘ፣ የባለቤትነት ማስረጃውንና መታወቂያውን ይዞ የቆመው ሰው ለምን ይከለከላል?

መፍትሔው ኮዱን ለማንም መበተን አይደለም፤ ጠያቂው ማን እንደሆነ ማረጋገጥ ነው። ይህም የሚሠራ ነገር ነው። በአሜሪካ ማንነታቸውና ታሪካቸው ተጣርቶ የተመዘገቡ ቁልፍ ሠሪዎች የደንበኛውን ባለቤትነት አረጋግጠውና መዝግበው ከአምራቾች የቁልፍ ኮድ የሚያገኙበት ሥርዓት አለ፤ አምራቾች የጥገና መረጃን ለባለቤቶችና ለገለልተኛ ጋራዦች እንዲሰጡ የሚያስገድደው የማሳቹሴትስ ግዛት የጥገና መብት ሕግም የኢሞቢላይዘርን መረጃ በተመለከተ ወደዚሁ ሥርዓት ይመራል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2018 ባወጣው ደንብ የጥገና መረጃ ለገለልተኛ ጋራዦች እንዲደርስ አስገድዶ፣ ከደኅንነት ጋር የተያያዘውን ክፍል ዕውቅና ለተሰጣቸው ባለሙያዎች ለይቶ ፈቅዷል። እኔ የምጨምረው አምራቹ መኪናውን ሲሸጥ ሁለት የሚሠሩ ቁልፎችን፣ የቁልፉን ኮድ በጽሑፍ፣ እንዲሁም የቁልፉን የማስቀረጫና የማስመዝገቢያ ዋጋ ለየብቻ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ሕግ ነው። ዋጋው ካልተነጣጠለ ደንበኛው ለምን እንደከፈለ ማወቅ አይችልም።

እስከዚያ ድረስ አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው ሁሉ ያ ቁልፍ ሳይጠፋ ሁለተኛውን ያሠራ። ሲያሠራም በመኪናው ኮምፒውተር ላይ ስንት ቁልፍ እንደተመዘገበ ይጠይቅ፤ በእጁ የሌለው ካለ እንዲሰረዝለት ያድርግ፤ ያለዚያ የጠፋውን ቁልፍ ያገኘ ሰው መኪናውን ይዞ መሄድ ይችላል። መኪናው በስልክ የሚከፈት ከሆነም የቀድሞው ባለቤት ስልክ ከመዝገቡ መውጣቱን ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት እዚያው በሻጩ ፊት ያረጋግጥ።